«ስትሮል» ሁልጊዜ መንሸራሸር ነው?

የደረሰን ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ሳነብ፣ አንድ ሠራተኛ ስብሰባው ከተጀመረ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ‹ስትሮልድ ኢን› ይላል። መዝገበ ቃላቴ ‹ተንሸራሸረ› ብሎ ይፈታዋል። ሰው ስብሰባ ውስጥ እንዴት ይንሸራሸራል? ‹ሶንተር› እና ‹አምብል› የሚሉትን ስፈልግም ያንኑ ‹ዘና ብሎ ተራመደ› ይለኛል። ልዩነታቸው ምንድን ነው? እኔ ስጽፍስ የትኛውን ልጠቀም?»

መዝገበ ቃላትዎ አልተሳሳተም፤ የነገረዎት ግን ግማሹን ነው። ስትሮል በዋናው ትርጉሙ መንሸራሸር ነው፤ ሰው ሳይቸኩል፣ ዘና ብሎ፣ ብዙውን ጊዜም መራመዱን ራሱን ወዶ በእግሩ ሲሄድ። እርስዎ ያነበቡት ዓረፍተ ነገር ግን ስለ እግር ሳይሆን ስለ ሰዓት የሚናገር ነው። ደራሲው «ሌላው ሁሉ ቁጭ ብሎ እየጠበቀው፣ እሱ ምን ገዶት፣ ዘና ብሎ ገባ» ማለቱ ነው። ቃሉ እዚህ ላይ ሽሙጥ አለበት።

ስትሮል የፍጥነት ቃል አይደለም፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ቀስ ብሎ የሚሄድ ሁሉ ስትሮል አያደርግም። ከሕመም አገግሞ ግድግዳ እየተደገፈ የሚራመድ፣ ሸክም ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ፣ በሚያንሸራትት ወለል ላይ እግሩን እየሞከረ የሚያሳርፍ፣ ሁሉም ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት፤ አንዳቸውንም ግን ስትሮል አደረጉ አይሏቸውም። እንግሊዝኛ ለእነሱ ሌላ ቃል አለው፦ ደክሞት እግሩን ለሚጎትተው «ትራጅ»፣ በከባድ እርምጃ ሳያቋርጥ ለሚገፋው «ፕሎድ»፣ ጫማውን ከመሬት ሳያነሳ ለሚሄደው «ሻፍል»። እኛ አዘገመ ወይም ተጎተተ የምንላቸው ናቸው። ስትሮል ለማለት ሰውዬው መፍጠን የሚችል፣ ግን መፍጠን ያላሻው መሆን አለበት።

ቃሉ አንዴ ጣፋጭ፣ አንዴ ኮምጣጣ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ባልና ሚስት ከእራት በኋላ በወንዙ ዳር ስትሮል አደረጉ ቢባል የሚጠብቃቸው ጉዳይ የለም፤ አንባቢው የሚያየው ምሽቱንና ጨዋታቸውን ነው። አሁን ተራማጁን እንቀይረው፦ ታማሚው አልጋ ላይ እያቃሰተ፣ ነርሷ በሩ ላይ ቆማ ኮሪደሩን እያየች፣ ሐኪሙ «ስትሮልድ ኢን»። እርምጃው ቢለካ ከባልና ሚስቱ እርምጃ ላይለይ ይችላል። የተለወጠው ነገር፣ ቶሎ እንዲመጣ የመጠበቅ መብት ያለው ሰው በታሪኩ ውስጥ መኖሩ ነው። ስለዚህ ቃሉን ባገኙት ቁጥር «ይህን ሰው የሚጠብቀው አለ ወይ?» ብለው ይጠይቁ። የሚጠብቀው ከሌለ መንሸራሸር ነው። ካለ ግን ዓረፍተ ነገሩ ወቀሳ ነው፤ ደራሲው አንድም የወቀሳ ቃል ሳይጽፍ።

የስፖርት ዘጋቢዎች በሁለቱም በኩል ይጠቀሙበታል። አንድ ቡድን ብዙ ሳይለፋ ሲያሸንፍ «ወደ ድል ስትሮል አደረገ» ይሉታል፤ ይህ ሙገሳ ነው፣ መሮጥ እንኳ አላስፈለገውም ማለት ነው። ኳስ ተነጥቆ ወደ መከላከል የማይመለሰውን አጥቂም ሜዳው ላይ ስትሮል ያደርጋል ይሉታል፤ ይሄኛው ስድብ ሊባል ምንም አይቀረው። ጉዳዩ ቀላል ሆኖ «በፓርክ ውስጥ እንደ መንሸራሸር ነው» ሲሉም መነሻው አንድ ነው፤ በዚህ አባባል ውስጥ ግን ከስትሮል ይልቅ «ዎክ» የሚለው ነው የተለመደው። የድሮ ትዝታን ለመቃኘት «በትዝታ ጎዳና ስትሮል ማድረግ» የሚል አነጋገርም አላቸው፤ እሱ ላይ ምንም ሽሙጥ የለም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ችግር እንምጣ። ሽሙጡን ብንረዳም «ወደ ስብሰባው ተንሸራሸረ» የሚለው ለጆሮ የማይጥመው ለምንድን ነው? ጥፋቱ የቃሉ ሳይሆን የሁለቱ ቋንቋዎች አሠራር ነው። አሜሪካዊው የቋንቋ ምሁር ሌናርድ ታልሚ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው ሰፊ ጥናት ቋንቋዎች እንቅስቃሴን ሲናገሩ በሁለት መንገድ እንደሚከፈሉ አሳይቷል። እንግሊዝኛን የመሰሉት የአካሄዱን ዓይነት ግሡ ውስጥ ይከቱና አቅጣጫውን ለትንንሽ ቃላት ይተዋሉ፤ «ስትሮልድ» አካሄዱ፣ «ኢን» አቅጣጫው። እንደ ስፓኒሽ ያሉት ደግሞ አቅጣጫውን ዋናው ግሥ ላይ አስቀምጠው አካሄዱን በተጨማሪ ቃል ይገልጹታል። የአማርኛን ዓረፍተ ነገር ያየ ሰው እኛ ከሁለተኞቹ ጋር እንደምንሄድ ወዲያው ይገባዋል። ገባ፣ ወጣ፣ ወረደ፣ ተሻገረ፣ አለፈ፣ ደረሰ፣ ጠጋ አለ፤ ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጉት እነዚህ ናቸው። አካሄዱ ከፊታቸው በ«ብሎ» ወይም በ«እየ» ይመጣል፦ ዘና ብሎ ገባ፣ እየተንሸራሸሩ ተሻገሩ።

ስለዚህ ስትሮልን ሲተረጉሙ ከስትሮል አይጀምሩ፤ ከጭራዋ ቃል ይጀምሩ። «ኢን» ካለ ዋናው ግሥ ገባ ነው፣ «አውት» ካለ ወጣ፣ «ፓስት» ካለ አለፈ፣ «አክሮስ» ካለ ተሻገረ፣ «ኦቨር ቱ» ካለ ወደ አንድ ሰው ጠጋ አለ ወይም ሄድ አለ። ግሡን ካገኙ በኋላ አካሄዱን ከፊቱ ያስገቡ። በዓሉ ላይ ከጥግ ቆሞ የነበረው ሰው ወደ ሙሽራዋ እናት «ስትሮልድ ኦቨር» ቢል፣ «ዘና ብሎ ወደ ሙሽራዋ እናት ጠጋ አለ» ይሆናል፤ መንሸራሸር የሚባል ነገር እዚያ ውስጥ የለም። ሌባው ከባንኩ በዋናው በር «ስትሮልድ አውት» ቢል፣ «ምንም እንዳልተፈጠረ በዋናው በር ወጣ» ነው። አቅጣጫ በሌለበት፣ ማለትም ስትሮል ብቻውን ሲቆም ወይም ከ«አራውንድ» ጋር ሲመጣ፣ ያኔ ተንሸራሸረ፣ ዞር ዞር አለ፣ ወዲያ ወዲህ አለ የሚሉት ይሠራሉ።

ተቃራኒውም መንገድ ጥቅም አለው። ከአማርኛ አስበው በእንግሊዝኛ የሚጽፉ ሰዎች «ቀስ እያለ እየተራመደ ወደ ክፍሉ ገባ» የሚለውን ቃል በቃል ሲያስቀምጡት ረጅምና ከባድ ዓረፍተ ነገር ይወጣቸዋል። እንግሊዝኛው ያንን ሁሉ በሁለት ቃል ነው የሚጨርሰው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያናድደኝን አባባል ላንሳ። አማርኛ ለአካሄድ ቃል የለውም ይባላል። የሚሉት ሰዎች የሚፈልጉት በመዝገበ ቃላት ራስጌ ላይ፣ በነጠላ ግሥ ነው። የእኛ ሀብት ያለው «አለ» እና «ብሎ» ጋር ነው፤ ጎምለል ጎምለል አለ፣ ጎርደድ ጎርደድ አለ፣ ሱክ ሱክ አለ፣ ዝግ አለ፣ ሰተት ብሎ ገባ፣ ሹልክ ብሎ ወጣ። ከነዚህ አንዳንዶቹን እንግሊዝኛ በአንድ ቃል ሊመልሳቸው አይችልም። በአንድ ቃል የሚመለሰውም ቢሆን ያሳስታል፤ ተንጎራደደን ይውሰዱ፤ በንዴት ወይም በሐሳብ ተወጥሮ አንድ ቦታ ላይ ወዲያና ወዲህ ማለት ነው። አንዳንድ ተማሪዎች ስትሮል ብለው ይተረጉሙታል፤ ፍጹም ተቃራኒው ነው። የሚንጎራደድ ሰው ውስጡ አላረፈም። ለእሱ የሚስማማው «ፔስ» የሚለው ግሥ ነው።

ሌላው ወጥመድ «ሽርሽር» ነው። ተንሸራሸረ እና ሽርሽር ከአንድ ግንድ የወጡ ናቸውና ስሙም ስትሮል ይመስላል። ዛሬ ግን «ሽርሽር ሄድን» ስንል በአብዛኛው ራቅ ወዳለ ቦታ፣ ስንቅ ይዘን፣ በመኪና ወጥተን ዋልን ማለታችን ነው። ይህን ስትሮል ቢሉት እንግሊዝኛ ተናጋሪው በእግር ወጥታችሁ ብዙም ሳትቆዩ የተመለሳችሁ ይመስለዋል። ስትሮል በእግር ብቻ ነው፤ በመኪና መንሸራሸር ለእኛ ችግር የለውም፣ ለእነሱ ግን የማይሆን ነው። ሐሳብንም እኛ እናንሸራሽራለን። «ሐሳብ በነፃነት የሚንሸራሸርበት መድረክ» የሚለውን ሐረግ በስትሮል የተረጎመ ጽሑፍ ገጥሞኝ ያውቃል፤ እንግሊዝኛው ላይ ሐሳቦቹ እግር አውጥተው በአዳራሹ ውስጥ ሲዞሩ ነበር የሚታዩት።

ወደ ጓደኞቹ ልሂድ። «ሶንተር» ከስትሮል የሚለየው የሚታይ በመሆኑ ነው። ስትሮል የሚያደርግ ሰው ማንም አየው አላየው ግድ የለውም። ሶንተር የሚያደርገው ግን ትከሻው ላይ፣ አንገቱ ላይ፣ ኪሱ ውስጥ በከተታቸው እጆቹ ላይ የሆነ ነገር አለ፤ በራሱ የተማመነ ነው፣ ወይም እንዲያ መምሰል ይፈልጋል። ተንጎማለለ ወይም ቀብረር ብሎ ሄደ የምንለው ይቀርበዋል። ያነበቡት ሠራተኛ «ሶንተርድ ኢን» ተብሎ ቢሆን ኖሮ መዘግየቱን ችላ ማለቱ ብቻ ሳይሆን ለታዳሚው እያሳየ መግባቱም ይታይ ነበር። ደራሲው ያንን አልመረጠም፤ ስለዚህ ተርጓሚውም አይጨምርበት።

የሶንተርን አመጣጥ በተመለከተ ብዙ ቦታ የሚነገር አንድ ተረት አለ። በመካከለኛው ዘመን «ወደ ቅድስት ምድር ልንሳለም ነው» እያሉ በየመንደሩ የሚለምኑ ሥራ ፈቶች ነበሩ፣ ከፈረንሳይኛው «ሳንት ቴር»፣ ማለትም ቅድስት ምድር፣ ቃሉ ወጣ ይባላል። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባወጣው መዝገበ ቃላት አስፍሮታል፤ አሜሪካዊው ሄንሪ ዴቪድ ቶሮም ስለ መራመድ በጻፈውና በሞተበት ዓመት፣ በ1862፣ በታተመው መጣጥፉ ወዶ አስፋፍቶታል። ታሪኩ ያምራል፤ የዛሬ የቃላት ታሪክ አጥኚዎች ግን አይቀበሉትም። የሚታወቀው ቃሉ በ15ኛው መቶ ዘመን በሐሳብ መመሰጥን ይገልጽ እንደነበርና ከ17ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ወዲህ ዘና ያለ እርምጃን ማመልከት እንደጀመረ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ሥሩ አልተገኘም።

«አምብል» የፈረስ ቃል ነበር። ከላቲኑ «አምቡላሬ»፣ መራመድ ከሚለው፣ በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ14ኛው መቶ ዘመን ገደማ ሲሆን፣ በአንድ ጎን ያሉትን የፊትና የኋላ እግሮች አከታትሎ በማንሳት ተቀማጩን ሳያናውጥ የሚሄድ ከብት አካሄድን ያመለክት ነበር። ለዚህ አማርኛ ከማንም የተሻለ ቃል አለው፦ ሰገረ። ሰጋር በቅሎ የምንላት እንግሊዞቹ «አምብለር» የሚሏት ናት። ለሰው ሲውል ያ ምቾት አብሮት ይመጣል፤ እርጋታ፣ መመቻቸት፣ የማይንገጫገጭ ለስላሳ አካሄድ። አምብል ላይ ኩራት የለም፣ ሽሙጡም ከስትሮል ያነሰ ነው። ሽማግሌ፣ የጠገበ ድመት፣ ጡረታ የወጣ ሰው አምብል ያደርጋሉ። ከዚያው ከላቲኑ ሥር አምቡላንስም ወጥቷል፤ መነሻው ከጦር ሠራዊት ጋር አብሮ የሚንቀሳቀስ ሆስፒታል የሚል የፈረንሳይኛ ሐረግ ነው። ዘመድ ቢሆኑም የአንዱ እርጋታ ለሌላው አልተረፈም።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልጥቀሳቸው። «ዋንደር» መድረሻ አለመኖሩን እንጂ ደስታን አይናገርም፤ የጠፋ ሰውም ዋንደር ያደርጋል፣ ስለዚህ ተንከራተተን ሁሉ ሊሸፍን ይችላል። «ራምብል» በብሪታንያ ከከተማ ውጭ የሚደረግ ረጅም የእግር ጉዞ ነው፤ የንግግር ሲሆን ደግሞ ከርዕስ ወጥቶ መዘባረቅ። «ሚአንደር» ዛሬ በቱርክ ካለና በመጠማዘዙ ከሚታወቅ ወንዝ ስም የመጣ ነውና መጠማዘዝ አለበት። «ዶድል» ጊዜ ማባከን ነው፤ ልጅን ስንቆጣ «አትንቀራፈፍ» የምንለው። «ሎይተር» እንዲያውም መሄድ አይደለም፤ ያለ ጉዳይ አንድ ቦታ መገተር ነው፣ በሕንፃዎች በር ላይ የሚከለከለውም ይኸው ነው።

የስትሮል የራሱ ታሪክ ከሁሉም ይልቅ ያስገርመኛል። እንግሊዝኛ ውስጥ ብቅ ያለው ወደ 1600 አካባቢ ሲሆን፣ እንደሚገመተው ከጀርመንኛ ዘዬዎች፣ ቤት አልባ ዘዋሪ ወይም ቦዘኔ ከሚል ቃል ነው የመጣው። የመጀመሪያዎቹ ስትሮለሮች የተከበሩ ሰዎች አልነበሩም። ከከተማ ከተማ እየዞሩ ድራማ የሚያሳዩ ተዋናዮችም በዚሁ ስም ይጠሩ ነበር፤ በ1572 የወጣው የእንግሊዝ ሕግ የመኳንንት ጥበቃ የሌላቸውን ተዋናዮች ከዘዋሪ ወንጀለኞች ጋር ደምሮ ያስቀጣ ነበርና ቃሉ ያረፈባቸው በከንቱ አይደለም። በዚያው በ17ኛው መቶ ዘመን ውስጥ ግን ቃሉ ዘና ብሎ ወደ መራመድ ተሻገረ። ያለ ጉዳይ መንገድ ላይ መታየት ለድሃው ጥፋት፣ ጊዜ ላለው ደግሞ መዝናኛ የሆነበት ጊዜ ነው። የዛሬው ሽሙጥ ከዚያ የተረፈ ነው ብዬ አልምልም፤ ቃሉ ግን የሥራ ፈትነትን ጠረን ጨርሶ አራግፎ አያውቅም ባይ ነኝ።

ሲጽፉ የሚያስፈልግዎትን ሰዋስው በተመለከተ፣ ዋናው ጥንቃቄ «ማድረግ» ላይ ነው። እኛ የእግር ጉዞ እናደርጋለን፣ እኔም እዚህ ለአማርኛው እንዲመች «ስትሮል አደረገ» እያልኩ ነው የመጣሁት፤ ከዚያ ተነስተው በእንግሊዝኛ «ሜክ ኤ ስትሮል» ቢሉ ግን ስሕተት ነው። ትክክለኛዎቹ «ጎ ፎር ኤ ስትሮል» እና «ቴክ ኤ ስትሮል» ናቸው፤ ብሪታንያውያን «ሃቭ ኤ ስትሮል» ሲሉም ይሰማሉ። ግሥ ሲሆን ተሳቢ አይፈልግም፤ ሆኖም «ስትሮልድ ዘ ስትሪትስ»፣ ጎዳናዎቹን ተንሸራሸሩባቸው፣ በሚል መልክ ቦታን ያለ መስተዋድድ መያዝ ይችላል። «ስሎውሊ» የሚለውን አይጨምሩበት፤ ዝግታው ውስጡ አለ። «ሀሪድሊ»፣ በጥድፊያ፣ ከጨመሩበት ደግሞ ዓረፍተ ነገሩ እርስ በርሱ ይጣላል። ድምፁ ከ«ሮል» ጋር ይገጥማል፣ ከ«ዶል» ጋር አይገጥምም፤ ኦ ድምፁ ረዘም ይበል። መጀመሪያው ላይ «እ» ጨምረን እስትሮል ማለት ይቀናናል፣ ግን ማንም አይሳሳትበትም።

የትኛውን ልጠቀም ላሉት፣ በብዛት ስትሮል ይበቃዎታል። ሶንተር ሰውዬው እንዴት እንደሚታይ ለታሪክዎ የሚጠቅም ሲሆን ብቻ ይምጣ፤ በየገጹ ከደጋገሙት ገጸ ባሕርያትዎ ሁሉ መስታወት ፊት የሚኖሩ ይመስላሉ። አምብል ለእርጋታና ለዕድሜ ጥሩ ነው። በሥራ ደብዳቤና በዘገባ ላይ ሦስቱንም ይተዉአቸው፤ «የቡድኑ አባላት ወደ ቦታው ስትሮል አድርገው ደረሱ» ብለው ለአለቃዎ ቢጽፉ ባልደረቦችዎን ከሰሱ ማለት ነው። እዚያ «ዎክ» ነው የሚያስፈልገው።

አንድ ነገር ቀረ፤ «ስትሮለር»። የአውቶቡስ በር ላይ ስትሮለሮች እንዲታጠፉ የሚያዝ ማስታወቂያ ቢያዩ እንዳይደነግጡ። በአሜሪካ እንግሊዝኛ ስትሮለር ሕፃን ተቀምጦ የሚገፋበት ጋሪ ነው፤ ተንሸራሻሪ ሰው በዚህ ቃል መጠራቱ ዛሬ እምብዛም አይሰማም። በብሪታንያ ይህንኑ ጋሪ «ፑሽቼር» ወይም «በጊ» ይሉታል። ሕፃኑ ተኝቶ የሚሄድበትን ሌላውን ዓይነት ደግሞ «ፕራም» ይሉታል፤ እሱም «ፐራምቡሌተር» ከሚለው ያጠረ ነው፣ ያው የአምብል ዘመድ፣ ትርጉሙም በመጀመሪያ ወዲያ ወዲህ የሚል ሰው ነበር። በሁለቱም አገር የተራማጁን ስም የወረሰው የሚገፋው ጋሪ ነው።